መሃሉ የማነው?

‹‹ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ›› ይላል ያገራችን ሰው፡፡ አባባሉ እውነት ነው፤ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፡፡ ሁለቱ የት የት እንደሚቆሙ አልነገረንም! ሁለት ሰው ራኬት ይዞ አንድ ሜዳ ውስጥ ስለገባ ብቻ ብርቱ አይሆንም፡፡ እንዲያውም አቋቋም የማያውቁ ሁለት ጎበዞች፣ አቋቋም በሚያውቁ ሁለት መካከለኞች ጉድ ሲሆኑ ማየት የተለመደ ነው፡፡ ከሽንፈቱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ይብሳል፡፡ ‹‹አንተ ነህ!›› ‹‹አንቺ ነሽ!›› መባባል፣ መኮራረፍ፣ በመጨረሻም ‹‹ሁለተኛ ከእሱ ጋር አልጫወትም›› የምትለዋ ቃል ትከተላለች፡፡

ዛሬ የምናወጋው ስለዚሁ ስለ ሁለት ለሁለት ጨዋታ ነው፡፡ በተለይ በስልካችን ስለምናየውና በመስታወት ግድግዳ ውስጥ ስለሚካሄደው ፓዴል፡፡ ‹‹እኛ ፉሪ ቁጭ ብለን ፓዴል ምን ይሠራልናል?›› የሚል አይጠፋም፡፡ ይሠራል! ከሰዓት በኋላ ፉሪ ብቅ ያለ ሰው የሚያየው ነገር አለ፡፡ በአንዱ ጥግ አራት ወጣቶች ጆተኒ ከበው ተፋጠዋል፡፡ በሌላው ጥግ ኮብልስቶኑ ላይ ከአጥር እስከ አጥር ገመድ ተወጥሮ፣ ራኬት የያዙ ልጆች ሁለት ለሁለት ይፎካከራሉ፡፡ መኪና ሲመጣ ገመዱ ከፍ ይላል፣ መኪናው ያልፋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፡፡ የመስታወት ግድግዳ ባይኖርም ጣጣው ያው አንድ ነው፡፡

ጆተኒ እንኳ የራሱ ድልድል አለው፡፡ አንዱ በረኛውንና ተከላካዩን ይይዛል፣ ሌላው መሃሉንና አጥቂውን፡፡ ብረቱ ተከፋፍሏልና ‹‹ይሄ የኔ ነበር፣ ያ ያንተ ነበር›› የሚል ክርክር የለም፡፡ ጠረጴዛ ቴኒስም እንደዚሁ ነው፡፡ በጥንድ ጨዋታ ሁለቱ አጋሮች በየተራ እንዲመቱ ሕጉ ያስገድዳል፤ መትቶ ዞር ማለት ነው፤ ተራውን ያልጠበቀ ነጥብ ያጣል፡፡ ፓዴልና ሜዳ ቴኒስ ላይ ግን፣ ከሰርቪስና ከሰርቪስ አቀባበል በስተቀር፣ ሕጉ ዝም ብሏል፡፡ ኳሷን ማናችሁም ብትመቷት ዳኛው ግድ የለውም፡፡ የማን ድርሻ ከየት እስከ የት እንደሆነ የምትወስኑት እናንተው ናችሁ፡፡ ጠቡም የሚወለደው እዚያ ላይ ነው፡፡

በጠባብ ግቢ የተወለደ ጨዋታ

ፓዴል የተወለደው በ1969 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮዋ አካፑልኮ ከተማ ነው፡፡ ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባለ ሰው በቤቱ ግቢ ሜዳ ሊሠራ ሲነሳ ቦታው ለቴኒስ አልበቃ አለው፡፡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግድግዳውን የጨዋታው አካል አደረገው! በ1974 እ.ኤ.አ. ጨዋታው ባሕር ተሻግሮ ስፔን፣ ማርቤላ ገባ፤ በአርጀንቲናም ሥር ሰደደ፡፡ ዓለም አቀፉ የፓዴል ፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፡፡

ሜዳው 20 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ማለትም 200 ካሬ ሜትር፡፡ የጥንድ ቴኒስ ሜዳ መስመሩ ብቻ ከ260 ካሬ ሜትር በላይ ነው፡፡ መረቡ መሃል ላይ 88 ሳንቲ ሜትር፣ ዳርና ዳር 92 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፡፡ ይህቺን የ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ያዟት፣ ኋላ ትጠቅመናለች፡፡ ራኬቱ ክር የለውም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ነገር ነው፡፡ ሰርቪስ የሚመታው ኳሷን መሬት አንጥሮ፣ ከወገብ ሳያልፍ፣ በሰያፍ ነው፡፡ ኳሷ መሬት አንዴ ከነጠረች በኋላ ግድግዳ ብትመታም አልሞተችም፤ ሁለተኛ መሬት እስክትነካ ድረስ መመለስ ትችላላችሁ፡፡ መሬት ሳትነካ በቀጥታ የተቃራኒን ግድግዳ ከመታች ግን ውጪ ናት፡፡ ነጥብ አቆጣጠሩ እንደ ቴኒስ ነው፡፡

እንግዲህ እያንዳንዱ ጥንድ 10 በ10 የሆነች ግቢ ይጠብቃል፡፡ ለእያንዳንዳችሁ 50 ካሬ ይደርሳችኋል ማለት ነው፡፡ ከስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ይሻላል! ችግሩ ግን በመሃላችሁ ግድግዳ የለም፡፡

የሁለቱ አብሮ አደጎች ነገር

ከፉሪ ልጆች መሃል ሁለት አብሮ አደጎች አሉ፡፡ ስማቸውን አንጠራም፤ ታሪካቸው ግን ለብዙዎቻችን ይሆናል፡፡ አንደኛው ክንደ ብርቱ ነው፤ ሲመታ ኳሷ ታፏጫለች፡፡ ሁለተኛው ረጋ ያለ፣ የመጣለትን የሚመልስ ዓይነት ነው፡፡ አንድ ቀን ከአንድ ወንድምና እህት ጋር ገጠሙ፡፡ ወንድምና እህቱ የሚያስፈራ ምት የላቸውም፡፡ ግን ሁለቱም አብረው ወደፊት ይመጣሉ፣ አብረው ወደኋላ ይሄዳሉ፣ ኳሷን ደግሞ ደጋግመው መሃል ለመሃል ይልካሉ፡፡

ክንደ ብርቱው መሃል የመጣችውን ሁሉ ሮጦ ወሰደ፡፡ ቀጥሎም ከጓደኛው ፊት የመጣችውን ጭምር መውሰድ ጀመረ፡፡ እሱ ወደ ጓደኛው በኩል በሮጠ ቁጥር የራሱ ወገን ባዶ ቀረ፤ ወንድምና እህቱም ኳሷን እዚያ ባዶው ላይ ያስቀምጧት ገቡ፡፡ ‹‹ለምን አልሸፈንክልኝም?›› ብሎ ጮኸ፤ ሰው እየሰማ፡፡ ረጋ ያለው ልጅ መልስ አልሰጠም፡፡ ራኬቱን አስቀምጦ ሄደ፡፡

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ፡፡ በአንድ ታክሲ ወረፋ ቆመው ፊት ለፊት እየተያዩ የማይተዋወቁ መሰሉ፡፡ ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፡፡ አብረው ቁጠባ ጀምረው፣ አንዲት የሞባይል ጥገና ሱቅ ሊከፍቱ አስበው ነበር፡፡ ረጋ ያለው ለአንድ ወዳጁ ‹‹አንዲት ኳስ ያላመነኝ ሰው እንዴት ገንዘብ ያምነኛል?›› አለው፡፡ አያችሁ ነገር ከየት የት እንደሚሄድ! ሰው የሚቀየመው በመሸነፉ አይደለም፤ እዚያው ቆሞ እንደሌለ ሲቆጠር ነው፡፡

በሜዳው ሕግ ብንፈርድ ጥፋቱ ከባሕርይ በፊት የአቋቋም ነው፡፡ እስቲ አቋቋሙን አንድ በአንድ እንየው፡፡

አንደኛ፦ እንደ ሐዲድ ጎን ለጎን

ፉሪ ለቡ የባቡር ጣቢያ ላለበት ሰፈር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፡፡ ሁለቱን ሐዲዶች ተመልከቱ፡፡ በመሃላቸው 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር አለ፤ ቀጥ ባለው ቦታም፣ በመታጠፊያውም ያው ነው፡፡ አንዱ ብቻውን ቢታጠፍ ባቡሩ ተገለበጠ፡፡ የፓዴል ጥንድም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ በመሃላችሁ ያለው ርቀት ወደ 4 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፡፡ አጋርህ ወደ ቀኝ ጥግ ከተሳበ አንተም ወደ ቀኝ ትሳባለህ፡፡ ‹‹እንዴ! ታዲያ በግራዬ ያለው አይከፈትም ወይ?›› ትል ይሆናል፡፡ ይከፈታል፡፡ ግን እዚያ ኳስ ማስቀመጥ ከሁሉም ከባድ ምት ነው፡፡ ለተቃራኒ ከባዱን ክፍት ትተህ ቀላሉን መዝጋት፣ አራዳነት ማለት ይሄ ነው፡፡

ከሁሉም የከፋው አንዱ መረብ ሥር፣ ሌላው ግድግዳ ሥር ሲቆም ነው፡፡ በመሃላቸው በሰያፍ የሚሄድ ሰፊ ጎዳና ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ተቃራኒ ምን ቸገረው? ስለዚህ ወይ ሁለታችሁም ፊት ናችሁ፣ ወይ ሁለታችሁም ኋላ ናችሁ፡፡ አንድ ፊት አንድ ኋላ የሚያምረው ጆተኒ ላይ ብቻ ነው፡፡

ሁለተኛ፦ መረቡን የያዘ ጨዋታውን ያዘ

በፓዴል ነጥብ በብዛት የሚሠራው መረብ አጠገብ ባለው ጥንድ ነው፡፡ ምክንያቱም ኳሷን ከላይ ወደ ታች ይመታል፣ ለተቃራኒም ጊዜ አይሰጥም፡፡ ግን መረቡ ላይ መለጠፍ አይደለም፡፡ ከመረቡ ከ2 እስከ 3 ሜትር ያህል ራቁ፡፡ በጣም ከተጠጋችሁ ከጭንቅላታችሁ በላይ አሳልፈው ይሸውዷችኋል፤ ከመረቡ 6.95 ሜትር ላይ ባለው የሰርቪስ መስመር ከቆማችሁ ደግሞ ኳሷ እግራችሁ ሥር ትወድቃለች፡፡ ያ ቦታ የማንም መሬት አይደለም፤ ይታለፍበታል እንጂ አይቆምበትም፡፡

ሰርቪስ የመታው ሰው እንደመታ ወደፊት ይሄዳል፤ አጋሩ አስቀድሞ መረብ ላይ ነውና ሄዶ ጎኑ ይቆማል፡፡ መትቶ ኋላ ቆሞ የምቱን ማማር የሚያደንቅ ሰው አጋሩን ብቻውን ጥሎታል፡፡

ሦስተኛ፦ ኋላ ስትሆኑ አትሸበሩ

ሁልጊዜ ፊት መሆን አይቻልም፡፡ ኋላ ስትሆኑ ከሰርቪስ መስመሩ ትንሽ ወደ ግድግዳው አፈግፍጉ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ኳሷ ካለፈቻችሁ አትከተሏት፡፡ ግድግዳው መልሶ ያመጣላችኋል፡፡ ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ኳሷን ከግድግዳው ቀድሞ ሊመታ ሲል ይጣበባል፡፡

ከኋላ ሆኖ ለማሸነፍ መደብደብ ከንቱ ልፋት ነው፡፡ ከኋላ የሚፈለገው ፊት መውጫ መንገድ ነው፡፡ መንገዱም ኳሷን ከፍ አድርጎ፣ ከተቃራኒዎቹ ጭንቅላት በላይ ወደ ጥልቁ መላክ ነው፡፡ ሎብ ይሉታል፡፡ ተቃራኒዎቻችሁ ዞረው ወደኋላ ሲሮጡ፣ ያኔ ሁለታችሁም በአንድ ላይ ወደፊት! ተቃራኒው ሊመታ ሲል ግን የትም ብትሆኑ ቁሙ፡፡ እየሮጠ ኳስ የሚቀበል ሰው በግራ ብትመጣበት በቀኝ ነው የሚደርሰው፡፡

አራተኛ፦ መሃሉ ባለቤት ይኑረው

አሁን ወደ ርዕሳችን መጣን፡፡ ወንድምና እህቱ ኳሷን ለምን መሃል መሃል ላኩ? ሦስት ምክንያት አለ፡፡ አንደኛ፣ መረቡ መሃል ላይ በ4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፡፡ ሁለተኛ፣ መሃል የሄደች ኳስ የጎን ግድግዳ መትታ ለተቃራኒ አትመቻችለትም፡፡ ሦስተኛውና ዋናው፣ ሁለቱ ተቃራኒዎች ‹‹የኔ ናት ወይስ ያንተ?›› እያሉ ሲተያዩ ኳሷ ታልፋለች፡፡ ወይም ሁለቱም ይሮጡና ራኬት ለራኬት ይጋጫሉ፡፡

የሁለት ሰው የሆነ ነገር የማንም ነው፡፡ ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ተነጋገሩ፡፡ የተለመደው ደንብ እንዲህ ነው፡፡ ሁለታችሁም ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ከሆናችሁ መሃል ያለችው ኳስ በግራ በኩል ላለው ናት፤ ምክንያቱም በመዳፉ በኩል፣ ማለትም በፎርሃንድ ትመጣለታለች፡፡ ከሁለታችሁ አንዱ ግራኝ ከሆነ እሱን በቀኝ በኩል አቁሙት፤ ያኔ የሁለታችሁም ፎርሃንድ መሃሉን ይጠብቃል፡፡ አያቶቻችን ግራኝ ልጅ በቀኝ እጁ ይብላ ብለው ይቆጡ ነበር፤ ፓዴል ላይ ግን ግራኝ አጋር ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው!

አምስተኛ፦ ደካማውን የምታደክሙት እናንተ ናችሁ

ብልህ ተቃራኒ ኳሷን ሁሉ ደከም ወዳለው ይልካል፡፡ ይህ ነውር አይደለም፤ ስልት ነው፡፡ መድኃኒቱ ብርቱው ሮጦ የአጋሩን ሥራ መቀማቱ አይደለም፡፡ አንደኛ ነገር፣ የራሱን ቤት ክፍት ጥሎ ይሄዳል፡፡ ሁለተኛ ነገር፣ ኳስ የተቀማ አጋር እግሩ ይተሳሰራል፤ ቀጥሎ የምትመጣለትን ቀላሏንም ይስታል፡፡ መድኃኒቱ መሃሉን ትንሽ ሰፋ አድርጎ መያዝና ለአጋር የቀረውን ጠባብ ቦታ ሙሉ በሙሉ ማመን ነው፡፡ አጋርህ 3 ሜትር ብቻ ይጠብቅ፤ ግን የእሱ 3 ሜትር ይሁን፡፡ ደካማውም የራሱ ግዴታ አለበት፡፡ ነጥብ ልሥራ ብሎ አይንጠራራ፤ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ጥልቁ፣ ደጋግሞ ይመልስ፡፡ መመለስ የማይሰለቸው አጋር ከወርቅ ይበልጣል፡፡

ስድስተኛ፦ አራት ቃላት

ሜዳ ላይ የሚያስፈልጋችሁ አራት ቃል ብቻ ነው፡፡ ‹‹የኔ!›› ‹‹ያንተ!›› ‹‹ተወው!›› ‹‹ቀይር!›› የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግልጽ ናቸው፡፡ ‹‹ተወው›› የሚባለው ኳሷ በቀጥታ ግድግዳ ልትመታና ውጪ ልትሆን ስትል ነው፡፡ ‹‹ቀይር›› ደግሞ አንዱ የሌላውን ኳስ ተከትሎ ወደ ሌላው ወገን ሲሻገር፣ ቦታ ለመለዋወጥ ነው፡፡ ክንደ ብርቱው ልጅ በሮጠ ቁጥር ‹‹ቀይር!›› ቢል ኖሮ ጓደኛው ባዶውን ቦታ ይሸፍንለት ነበር፡፡ አንዲት ቃል ጎደለች፣ አንድ ጓደኝነት ልትፈርስ ደረሰች፡፡

ከነጥብ በኋላ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ‹‹ለምን?›› የሚለውን ጥያቄ ሜዳ ላይ አታንሱት፤ ከሜዳ ውጪ፣ ሻይ ላይ ይደርሳል፡፡ ሜዳ ላይ የሚጠየቀው ‹‹ቀጥሎ ምን እናድርግ?›› ብቻ ነው፡፡

የኛ ሰማይ የራሱ ጠባይ አለው

ከስልክ ቪድዮ የተማራችሁትን እንዳለ አትገልብጡ፡፡ እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፡፡ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ፈጥና ትሄዳለች፣ ርቃም ታርፋለች፡፡ በቴኒስ እንኳ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የሚፈቀድ ለብቻው የተዘጋጀ የኳስ ዓይነት አለ፡፡ ስለዚህ እዚህ ሎብ ስትልኩ እጃችሁን ቀለል አድርጉ፤ ባሕር ዳርቻ ሜዳ ውስጥ የምትወድቀው እዚህ በቀጥታ ግድግዳ ትመታለች፡፡ ከኋላ ስትጠብቁ ደግሞ ከግድግዳው የምትመለሰው ኳስ ብዙ ወደፊት ትመጣለችና ግድግዳው ላይ አትለጠፉ፡፡ የሚመጣባችሁን ከፍ ያለ ኳስ ሁሉ በሙሉ ኃይል አትደብድቡ፡፡ ተቆጣጥሮ ወደ ጥልቁ መመለስና መረቡን አለመልቀቅ ይበልጣል፡፡

በገመድ የሚደረግ ልምምድ

ሜዳ ባይኖራችሁም ይህን ዛሬውኑ መሥራት ትችላላችሁ፡፡ 4 ሜትር የሚሆን ቀጭን ሲባጎ ፈልጉ፡፡ አንዱን ጫፍ በአንዱ ወገብ፣ ሌላውን በሌላው ወገብ ላላ አድርጋችሁ ሸጉጡ፤ ቋጠሮ አያስፈልግም፣ ሲሳብ ይውጣ፡፡ ሦስተኛ ሰው ፊታችሁ ቆሞ በእጁ አቅጣጫ ያሳያችሁ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ፊት፣ ኋላ፡፡ ሲባጎው ሳይወጠርም፣ መሬት ሳይጎተትም አብራችሁ ተንቀሳቀሱ፡፡ አሥር ደቂቃ ከሠራችሁ በኋላ ሲባጎውን አውጡና እንዳለ አስባችሁ ተጫወቱ፡፡ መጀመሪያ ያስቃል፡፡ የሰፈር ልጆች ‹‹በሬ ጠመዱ!›› ብለው ያፌዙባችሁ ይሆናል፡፡ ይበሉ! ጥማድ በሬም ቢሆን አንዱ ቀድሞ አንዱ ቀርቶ እርሻ አያርስም፡፡

ሁለቱ አብሮ አደጎችስ? በሽማግሌ አልታረቁም፡፡ ክንደ ብርቱው ራሱ ሄዶ ‹‹መሃሉ ያንተ ይሁን፣ ሳልጠራ አልሻገርም›› አለ፡፡ ብዙ ንግግር አላስፈለገም፡፡ ከዚያ ወዲህ ከወንድምና እህቱ ጋር ደግመው ገጥመው ደግመው ተሸንፈዋል፤ ግን በአንድ ታክሲ ነው የተመለሱት፡፡ የሱቁም ቁጠባ ቀጥሏል፡፡

የፓዴልን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ፈርናንዶ ቤላስቴጊንንና ሁዋን ማርቲን ዲያስን ያነሳል፡፡ ሁለቱ አርጀንቲናውያን እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ 13 ዓመት በተከታታይ የዓለም አንደኛ ጥንድ ሆነው ቆይተዋል፡፡ በዚያ ሁሉ ዘመን ሁለቱም ብርቱ ክንድ ነበራቸው፤ ብርቱ ክንድ ግን ሌሎችም ነበራቸው፡፡ 13 ዓመት ከአንድ ሰው ጎን መቆም የቻለ ግን እንደልብ አይገኝም፡፡

እናም ወዳጆቼ፣ ከነገ ጀምሮ ራኬት ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ለአጋራችሁ አንዲት ጥያቄ አቅርቡለት፤ ‹‹መሃሉ የማነው?›› በሉት፡፡ መልሱን ተስማሙበት፣ ኖራ ወይም ጠመኔ ካለም መሬት ላይ አስምሩት፡፡ ይህቺን ጥያቄ ከጨዋታው በፊት ያነሳ ሰው፣ ከጨዋታው በኋላ ሌላ ጥያቄ አይኖርበትም፡፡